ሁለት ምስክር

መኪና ግርግር ላይ፣ በሲንጀር ጫጫታ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁጭ ባልኩባት ቦታ፣
ሜትሬ አልዋሸኝም፣ ክሬም አልከዳኝም፤
ዓይኔ ነው የከዳኝ፣ ሲከዳም አልነገረኝም።

ዓምና የቀኙን ዓይኔን ሞራ ሸፈነና፣
ጁገል ሆስፒታል ሄድኩ፤ ተገፈፈልኝና
ዓለም በዚያ በኩል የተለቀለቀ ብርጭቆ መሰለ።
የግራው ግን ያው ነው፣ የተማሪ ቤቱ፣
ሩቅ ሰው የማይለይ፣ ካልመጣ ከፊቱ።

መነጽር ታዘዘ፤ ለቀኙ ስስ መስኮት፣
ለግራው ጠርዘ ወፍራም፣ የጠርሙስ ቂጥ ዓይነት።
ፈትለወርቅ ትባላለች ዓይኔን የምታየው፤
ልብስ ሰፊ ነኝና ስሟን ነው ያመንኩት፣ ሌላውን የት አውቀው።
አንዱን ዓይን ጋረደች፤ ጣቴን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አልኩ፣
እስከ መጨረሻዋ፣ እስከ ትንኟ ምልክት፣ አንድም ሳልስት ጠቆምኩ።
ሌላውንም ጋረደች፤ እሱም እንዲያው አየ።
ለየብቻ ሲጠየቁ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤
አብረው ችሎት ሲቆሙ ነው የሚለያይ ቃላቸው።

በግራዬ የማየው ያንሳል፣ በቀኜ ይገዝፋል፤
የሰው ሁሉ ፊት በሁለት ልክ የተሰፋ ይመስላል።
ዘይቱና ሻይ ይዛ ስትመጣ
በአንዱ ራቅ ብላ፣ ቀጭን፣ እንደ እጮኝነቷ፣
በሌላው አጠገቤ ናት፤ የባለ ሱቁን ዕዳ ትቆጥራለች።

ክፉው ግን ወደ ታች ሳይ ነው።
መርፌዋ ትሰነጠቃለች፤ አንዷ በጨርቁ ላይ፣
ሌላዋ አነስ ብላ ብድግ ትላለች ወደ ላይ።
ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤
ሁለት ዓይን አለኝ ብዬም አንዲት መርፌ አልታዘዘችኝም።
ክሬን የማስገባው አየር ውስጥ ነው።

የነጂብን የሠርግ ሱሪ የሰፋሁት ያን ሰሞን ነው።
በአንዱ ዓይን ለክቼ በሌላው ቆረጥኩት መሰለኝ፣
ልጁ ለብሶት ወጣና፣ «አው ረምዚ፣ አንካሳ ነኝ?» አለኝ።
ሁለት ጣት ያጠረች ቀኝ እግር።
መንገዱ ሳቀ። ሲንጀሮቹ እንኳ ቆሙ።

ወደ ቤት ስወርድ ደግሞ የድንጋይ ደረጃው ጠርዙ ሁለት ነው፤
የቱ ይሆን የሚሸከመኝ? የቱ ነው የምረግጠው?
አንድ እግሬን አንስቼ እንደ ሽመላ ስቆም
የሰፈር ልጆች፣ «ዛሬ መርቅኗል» ይላሉ።
እኔ ጫት ከተውኩ ስንት ዘመን!

ተመልሼ ሄድኩ። «ውሰጂልኝ» አልኳት፣ «ዓይኖቼን አጣልቶብኛል።»
እሷ የሸዋ ልጅ ናት፤ እኛ ሁሉን አንተ ስንል፣ እሷ አንቱ ትለኛለች።
«አባባ፣ ሁለቱ መስታወት የሚስማሙት መሐላቸው ላይ ነው» አለች፤
«ወደ ታች ሲያዩ ከመሐሉ ወጡ፤ ያኔ ወፍራሙ ጠርዝ ያነሳብዎታል።
ዓይንዎን አይስበሩ፤ አንገትዎን ይድፉ።»
«አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይባላል እኮ» ብላት፣
«አገሩ ይቆየን» አለች፣ «እርስዎ ሱሪ አያጥፉ።»
ዓይን ላይ የሚለጠፍ መስታወትም አለ፣ መጠኑን ያቀራርባል አለችኝ፤
ዋጋውን ስሰማ አንዱን ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሲመሽ በእርቅ መንገድ ገባሁ፣
የተኳረፈ ሰው ከተኳረፈው ጋር ትከሻ ሳይነካካ በማያልፍባት።
አንገቴን ደፍቼ፣ አፍንጫዬን እግሬ ወደሚያርፍበት፤
ኖራ ግድግዳ በቀኝ፣ ኖራ ግድግዳ በግራ።
ከወዲያ አንዲት ሴት በራሷ ላይ ማንጎ ተሸክማ መጣች።
ቆጠርኳት። አንዲት ናት።
ጎኔን ሰጥቼ አሳለፍኳት።

ዛሬ በጠዋት የነጂብን ሱሪ ፈታሁት።
አገጬን ደረቴ ላይ ጥዬ መርፌዋን በመሐል አየኋት፤
አንድ መርፌ፣ አንድ ቀዳዳ፣ ክሩም በአንዴ ሰተት አለ።
ጨርቁ ግን ተቆርጧል።
ሁለት ጣት ከየት አባቴ ላምጣ?